ስለ እህትህ ሰርግ ላይቭ

ይድረስ ለወንድሜ፣

ጠፋሁ፤ አውቃለሁ። ወቀሳውን በስልክ ትጨርሰዋለህ። አሁን ያስጻፈኝ የእህትህ ሰርግ በዩቲዩብ ላይቭ ይተላለፋል መባሉ ነው። እኔም ከቨርጂኒያ የማየው በዚያው ስለሆነ ምክሩ ለራሴም ነው።

አንተ መቼም ጥርት ያለው ምስል፣ 1080ፒ፣ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ትላለህ። ተው! አዳራሹ ውስጥ ሆነህ የአፕሎድ (የመላኪያ) ፍጥነቱን ደጋግመህ ለካ፤ ዳውንሎዱ (መቀበያው) ላንተ ምንም አይፈይድም። ዝቅተኛውን ውጤት ያዝና ከመቶ ሰባውን ብቻ ተጠቀም። የለካኸው በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት ከሆነ ኦቢኤስ ላይ (ላይቩን በምትልክበት ፕሮግራም) ቢትሬቱን፣ ማለትም በሰከንድ የሚላከውን መጠን፣ 2500 ኪሎ ቢት፣ ምስሉን 720ፒ በ30 ፍሬም አድርግ። 2 ሜጋ ከሆነ 480ፒ በ1200። ኪይፍሬም (ሙሉ ምስል የሚላክበት ልዩነት) 2 ሰከንድ፣ የድምፅ ቢትሬት 128 ኪሎ ቢት። ምስሉ ቢደበዝዝ ይታለፋል፤ የሽማግሌዎቹ ምርቃት ከተቆራረጠ ግን አክስቶችህ አይለቁህም።

ፈተናው ኬክ ሲቆረጥ ነው። እድምተኛው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ቲክቶክ ላይ ሲለቅ አንቴናው ይጨናነቃል፤ ጠዋት የለካኸው ፍጥነት ያኔ የለም። አዳራሹ የኬብል ኢንተርኔት ካለው ለምነህም ቢሆን ተሰካበት። ከሌለው የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ሲም በሁለት ስልክ ያዝ። ስልኩን መስኮት አጠገብ አስቀምጠህ በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘው፤ ሆትስፖት በዚያ ሁሉ ስልክ መሐል ይረበሻል። በ2500 ኪሎ ቢት በሰዓት 1.2 ጊጋ ባይት ገደማ ይበላል፣ ፓኬጁን በዚያ አስላ።

ሲቆራረጥ አትደንግጥ፤ ኦቢኤስ ላይ ስታትስ የሚለውን ክፈት። በኔትወርክ የሚጣሉ ፍሬሞች እየጨመሩ ከሆነ መስመሩ ነውና ቢትሬት ቀንስ። በኢንኮዲንግ (ምስሉን ለመላክ በመጭመቅ) የሚዘለሉት ከሆኑ ግን ላፕቶፑ ነው የደከመው፤ ያኔ ላይቩን ለአፍታ አቁመህ ፕሪሴቱን (የመጭመቂያውን የሥራ ጫና) አቅልል። ሬዞሉሽን ላይቭ መሐል ስለማይቀየር አስቀድመህ ወስን። ሁለቱም ዜሮ ሆነው አንድ ሰው ብቻ «ቆመብኝ» ካለ ችግሩ እሱው ጋ ነው፤ እኔም ብሆን እንዳትሰማኝ።

ዩቲዩብ ላይ ሌተንሲውን (የመዘግየቱን መጠን) ኖርማል አድርገው። ትንሽ ቢዘገይ ማን ያውቅብሃል? መስመሩ ለአፍታ ሲጠፋ ግን ተመልካቹ ጋ የተጠራቀመው ያድንሃል። ሪከርዱንም አብረህ አስነሳ፣ በኤምኬቪ የፋይል ዓይነት ይሁን፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ እስከዚያ የተቀዳው አይበላሽም።

ቻናሉ አዲስ ከሆነ ላይቭ እስኪፈቀድ 24 ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል ዛሬውኑ ክፈተው። ሌላውን ጉዳይ… እሱን እንኳ በደብዳቤ አልችለውም፣ እደውላለሁ። እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፤ ሊንኩን ደግሞ አትርሳ።