እንግዳው ሰኞ ማን አለው?

ወዳጄ ሆይ፣ ሰላም ለአንተ ይሁን።

እንዴት ከርመሃል? ቤተሰቡስ እንዴት ነው? ከተጠፋፋን በጣም ቆየን። አንተም ዝም፣ እኔም ዝም። በጸሎቴ ግን ስምህ ተለይቶ አያውቅም። በቀደም አንድ የጋራ ወዳጃችን በአጥቢያችሁ የእንግዳ አቀባበልና ክትትል አገልግሎት ኃላፊ ሆነህ መመረጥህን ነገረኝ። እጅግ ደስ አለኝ። ይህ አገልግሎት የልቤ ጉዳይ እንደሆነ ታውቃለህ፤ ስለዚህ ሳልውል ሳላድር ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

እንግዳ ይመጣላችኋል፣ ከሁለተኛው እሑድ በኋላ ግን የውሃ ሽታ ይሆናል አሉኝ። መፍትሔውም መድረኩን ማሳመር፣ የድምፅ መሣሪያውን መቀየር፣ ልዩ ፕሮግራም ማዘጋጀት ነው እየተባለ ነው አሉ። እሱ ክፋት የለውም። እኔ የምጠይቅህ ግን ሌላ ነው። ባለፈው እሑድ የመጣውን እንግዳ ሰኞ ማን ያስበዋል? ስሙን ይዞ የሚደውልለት ማን ነው? መልሱ «ኮሚቴው» ከሆነ ማንም የለም ማለት ነው።

እኛ ጋ የሆነውን ልንገርህ። አንዲት ሴት ትንሽ ልጇን ይዛ መጣች። በሩ አጠገብ፣ የመጨረሻው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልጁ ያስለዋል፤ እሷ ደግሞ ሰው እንዳይረበሽ አፉን በነጠላዋ ትሸፍነዋለች። የቡራኬው ጸሎት ሳያልቅ ቦርሳዋን አነሳች። በር ላይ የቆሙት አስተናጋጆቻችን «እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ ደግሞ ነይ» ብለው ፈገግ አሉላት። ከኋላ የነበሩ አንዲት እናት ግን ተከትለዋት ወጡና ስለ ልጁ ጠየቋት። ስሙን ያዙ፣ ስልኳን ተቀበሉ። ማክሰኞ ደወሉና «ሳሉ ተሻለው ወይ?» አሏት። ስለ ስብከቱ አልጠየቁም፤ ቀጣይ ፕሮግራምም አላስተዋወቁም። በሚቀጥለው እሑድ ሴትዮዋ መጥታ እሳቸው አጠገብ ተቀመጠች። ዛሬ የቤት ለቤት ኅብረታችን አባል ናት። እኚያ እናት በየትኛውም ኮሚቴ ውስጥ የሉም።

በርናባስን አስበው። ቀድሞ አማኞችን ያሳድድ የነበረው ሳውል፣ ኋላ ጳውሎስ የተባለው፣ ኢየሩሳሌም ሲመጣ ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ፈሩት፤ ደቀ መዝሙር መሆኑንም አላመኑም። እጁን ይዞ ወደ ሐዋርያት ያስገባው በርናባስ ነው። ይህ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 አለ። እኔን የሚገርመኝ ግን ምዕራፍ 11 ነው። አንጾኪያ ላይ ሕዝቡ ሲበዛ በርናባስ ሳውልን ሊፈልግ እስከ ጠርሴስ ሄደ። አግኝቶም አመጣው፤ አንድ ዓመት ሙሉ አብረው አስተማሩ። በርናባስ ሰውየውን አስገብቶ አልተወውም፤ ቆይቶም ፈለገው። ክትትል የምንለው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። በማስታወቂያ ሰዓት «አዲስ የመጣችሁ ቁሙልን» የሚለውን ልማድ ብትተዉት እመክራለሁ። ለአንዳንዱ ክብር ነው፤ ለዓይን አፋሩ ግን ጭንቅ ነው። ልቡ ተሰብሮ የመጣ ሰው በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት መቆም አይፈልግም። ይልቅ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ዞር ብሎ ያናግረው። ምዕመኑን በዚህ ማሠልጠን ይቻላል፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይለመዳል። ከፕሮግራም በኋላ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ዋነኞቹ ናቸው። የሚዋወቁ ሰዎች እርስ በርስ ተከበው ሲሳሳቁ እንግዳው ብቻውን ግድግዳ ተደግፎ ስልኩን ይነካካል። ባይተዋርነት የሚሰማው ያኔ ነው። አገልጋዮችህ በዚያ ሰዓት መጀመሪያ ወደማያውቁት ሰው ይሂዱ፤ ወዳጆቻቸውን ኋላ ያገኟቸዋል።

የእንግዳ መመዝገቢያ ቅጹ አጭር ይሁን። ስም፣ ስልክ፣ የጸሎት ርዕስ ካለ፣ ብንደውል ፈቃድህ ነው ወይ የሚል ጥያቄ፤ በቃ። አድራሻውንና የጋብቻ ሁኔታውን በመጀመሪያ ቀን ምን ያደርግልሃል? ቅጹን የሚሰበስበው ሰው እዚያው ለአንድ ሰው ይስጥ፤ ለሴት ሴት፣ ለወጣት ወጣት ቢሆን ይመረጣል። ስልኩ በ48 ሰዓት ውስጥ ይደወል። ከዚያ ካለፈ ሰውየው የማን ድምፅ እንደሆነ አይለየውም። መጋቢው ባይደውል እንኳ ግድ የለም። እንዲያውም ተራ ምዕመን ሲደውል ሥራው ስለሆነ ሳይሆን ስላሰበው እንደሆነ ይገባዋል። የጸሎት ርዕሱ ደግሞ አደራ ነው። በጸሎት ስም ለሰው ሁሉ ከተዳረሰ ሰውየው ዳግም አይመለስም፤ ባይመለስም አልፈርድበትም።

«አትደውሉልኝ» ያለ ካለ አክብሩት። የሌላ ቤተ ክርስቲያን አባል ሆኖ ለጉብኝት የመጣውንም በፍቅር ሸኙት እንጂ አታባብሉት። ከጎረቤት አጥቢያ ሰው አምጥተን «አደግን» ብንል የክርስቶስ አካል በአንድ ሰው አልጨመረም።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳይረሳ። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 የወርቅ ቀለበት ስላደረገውና ያደፈ ልብስ ስለለበሰው ሰው ይናገራል። አንዱን «በመልካም ስፍራ ተቀመጥ» ሌላውን «ወደዚያ ቁም» ማለት በእኛ ዘመንም አለ። አስተናጋጆችህ ፊት ለፊት ማንን እንደሚያስቀምጡ፣ ማንን ከኋላ እንደሚተዉ ለጥቂት እሑድ ዝም ብለህ ተመልከት። ከመኪና የወረደውን ሮጠው የሚቀበሉ ከሆነ በእግሩ የመጣውንም እንዲሁ ይቀበሉት። ይህ ካልተስተካከለ ስለ ስልኩም ስለ ቅጹም መነጋገር ትርፍ ነው።

ሽማግሌዎቹ በመድረኩ ነገር ቢጸኑ አትከራከራቸው። ሌላ ሳትጠይቅ እንደ እኚያ እናት ያሉ ሰዎችን ብቻ ፈልግ። በእርግጥ በመካከላችሁ አሉ፤ ብዙ ጊዜ ከኋላ ነው የሚቀመጡት። አግኝተህ ስትሰበስባቸው ጻፍልኝ፤ መጥቼ አብሬያችሁ አንድ ቅዳሜ ልዋል። እኛ የምንጠቀምበትን ቅጽም ይዤልህ እመጣለሁ።

ለባለቤትህና ለልጆችህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

የዘወትር ወዳጅህ