ስኳር ስትሉ የትኛውን እንደሆነ ንገሩን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ነው የምኖረው። እቤታችን ሁለት ሰው ስኳር አለበት፤ እናቴና የ11 ዓመት ልጄ። ስለ ስኳር የሚወጣ ጽሑፍ ካገኘሁ ሳላነብ አላልፍም። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። አብዛኛው ጽሑፍ «ስኳር» ብሎ ይጀምርና የእናቴን ሕመም ብቻ አውርቶ ያበቃል።

የእናቴ ዓይነት ሁለት ነው። ቆሽቷ ኢንሱሊን (ስኳርን ከደም ወደ ሕዋሳት የሚያስገባውን ቅመም) ያመነጫል፤ ሰውነቷ ግን በደንብ አይጠቀምበትም። እሷ ላይ አኗኗር ብዙ ይሠራል። ቡናዋን ያለ ስኳር ለምዳለች። እንጀራውን ቀንሳ ጎመኑንና ምስሩን አብዝታለች። ለቅሶ ስትሄድ ባጃጅ ትታ በእግሯ ነው። ማታ ማታ በእግሯ ጣቶች መሀል ቁስል እንዳይኖር ታያለች፤ ስኳር ስሜት ስለሚያደነዝዝ ቁስሉ ሳይታወቅ ይብሳል። ጾም ሲገባ የክኒኗን ሰዓት ከሐኪሟ ጋር ትነጋገራለች። በባዶ ሆድ ሲለካ ከ200 በላይ ይል የነበረው የደም ስኳሯ አሁን 130 አካባቢ ነው።

የልጄ ዓይነት አንድ ነው። የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ኢንሱሊን የሚሠሩትን የቆሽት ሕዋሳት አጠፋቸው። ከረሜላ ስለበላ አይደለም፤ እናቱ ስላልተጠነቀቀችም አይደለም። ይህን ለጎረቤት ስናስረዳ ነው የምንኖረው። ደህና ምግብና ስፖርት ይጠቅሙታል፤ የኢንሱሊን መርፌውን ግን አይተኩም። በ1921 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ላይ ኢንሱሊን እስኪገኝ ድረስ እንደሱ ያለ ልጅ ብዙም ሳይቆይ ይሞት ነበር። ዛሬም መርፌው ቢቋረጥ በቀናት ውስጥ ያስመልሰዋል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ራሱን ይስታል። ጸበል እንወስደዋለን፤ መርፌውም ይቀጥላል።

አምና ትምህርት ቤት ኳስ ሲጫወት በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ወረደበት። ላብ አጠመቀው፤ እጁ ተንቀጠቀጠ። እንዲህ ሲሆን ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ቶሎ መጠጣት አለበት፤ ለዚሁ ብለን ቦርሳው ውስጥ እናስቀምጥለታለን። አስተማሪው «ለአንተ ስኳር ክልክል ነው» ብሎ ቀማው። ደግነቱ ጓደኛው ሮጦ ታላቅ እህቱን ጠራና ደረሰችለት። አስተማሪው ክፉ ሰው አይደለም። ስኳር ያለበት ሰው ስኳር አይቀምስም ሲባል ሲሰማ ኖሯል፤ የሰማውን አደረገ።

ኅዳር 5 አካባቢ የዓለም የስኳር ሕመም ቀን ሲደርስ ጽሑፍ ማውጣታችሁ አይቀርም። እባካችሁ ርዕሱ ላይ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ጻፉ። ስለ ዓይነት አንድም ለብቻው ቦታ ስጡት፤ አስተማሪዎች እንዲያነቡት። አልጋው ላይ መሽናት ትቶ የነበረ ልጅ እንደገና ከጀመረ፣ ውሃ አልጠግብ ካለ፣ እየበላ ከከሳ በዚያው ቀን ስኳሩ ይለካ ብላችሁ በጉልህ አስፍሩልን።

የሁለት ልጆች አባት፣ ደሴ