ለገና አዲስ አበባ የሚገባው የወሎ ሰው ከተማዋን ሳያይ እንዳይመለስ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ታኅሣሥ በገባ ቁጥር የበዓል ገጾቻችሁ ስለ ባዛር፣ ስለ ሙዚቃ ድግስና ስለ በግ ዋጋ ይጽፋሉ። ይህ ሁሉ የሚጠቅመው እዚያው አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ነው። ከደሴና ከኮምቦልቻ ልጆቹን ይዞ፣ ቅቤና በርበሬ ጭኖ፣ እህቱ ወይም አጎቱ ቤት ለገና የሚገባው ሰው ግን አንድም መስመር አያገኝም። እንዲህ ያለው ሰው አምስት ቀን ከሳሎን ሳሎን ይዞራል፣ በየደረሰበት ቡና ይፈላለታል፣ በስድስተኛው ቀን ንጋት ላይ እንደገና መናኸሪያ ነው። ልጆቹ ድንቅነሽን ሳያዩ፣ የአድዋን ሙዚየም ደጃፍ ሳይረግጡ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ይገባሉ።

ዘመድ መጠየቅ ትልቅ ነገር ነው፤ ከእሱ ማንም እንዲቀንስ አልመክርም። ችግሩ ዘመድ ጥየቃውና ከተማ ማየቱ በአንድ ቀን ተደርበው ሲታሰቡ ነው። «ምሳ በልተን እንወጣለን» የተባለ ቀን አለቀለት ማለት ነው። ከምሳው በኋላ ቡና አለ፤ ከአቦሉ ተነስቶ መውጣት ደግሞ በእኛ አገር ነውር ነው። በረካው ሲጠጣ አሥር ሰዓት ይሆናል፣ ሙዚየሙም ሊዘጋ ይዳረሳል። ስለዚህ ሁለት ሙሉ ቀን ለከተማዋ ተለይቶ ይያዝ፤ ይህም ገና ከደሴ ሳይነሱ ለባለቤቶቹ በስልክ ይነገር። ደርሰው ጠዋት ላይ ሲነግሩ ቅያሜ ያመጣል፤ አስቀድመው ሲነግሩ ግን አክስት ራሷ ቁርሱን በጊዜ ታቀርባለች።

እነዚያ ሁለት ቀኖች ከበዓሉ በፊት ይሁኑ። አብዛኛው ሰው «በዓሉን ውለን እናያለን» ይልና ይሳሳታል። ገና ታኅሣሥ 29 (በየአራት ዓመቱ አንዴ 28) ነው። በዓሉ ቤት ይዋላል፤ በማግስቱ ዘመዱ ሁሉ ይጠራል፤ ቀጥሎ ደግሞ የመመለሻ ትኬት ፍለጋ ነው። ታኅሣሥ 25 ማታ የደረሰ ሰው ግን 26 እና 27ን ነጻ ሆኖ ያገኛቸዋል። በእነዚያ ቀኖች ባለቤቲቱ ገበያና ሽንኩርት ላይ ናት፤ ልጆች ከእግሯ ሥር ቢወጡላት ደስታዋ ነው። ሴት እንግዳ ሽንኩርት ሳትከትፍ ልውጣ ማለት እንደሚከብዳት አውቃለሁ፤ እንግዲያው ልጆቹን ይዞ መውጣት የአባትየው ድርሻ ይሁን። ደግሞም ጾሙ ገና አልተፈታም፤ የትም ቢገቡ በያይነቱ ስለሚገኝ የምሳ ወጪው አይከብድም። በወሎ አንድ ቤተሰብ ውስጥ እስላምም ክርስቲያንም አለና፣ አብረው የወጡ ዘመዳሞች ያለ ሐሳብ ከአንድ ትሪ ይበላሉ። በበዓሉ ዕለት ግን ሙስሊም እንግዳ መኖሩን ለባለቤቶቹ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ብዙ ዓመት የኖረ ዘመድ በጉን የሚያርደው ማን እንደሆነ አስቦ ማሰናዳቱን ይረሳዋል።

ወደ ጉዞው ልምጣ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ የሚሳፈር ከዚያ ላይ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀንስለታል። በእነዚህ ዓመታት መንገዱ ሰላም ውሎ ማደሩን በዋዜማው ሳይጠይቁ መነሳት አይገባም። የሚጠየቀውም ትኬት ቆራጩ ሳይሆን በዚያው ቀን ከአዲስ አበባ የገባ ሹፌር ነው። ንጋት ላይ ተነስቶ በቀን ብርሃን የሚገባ መኪና ይመረጥ። ትኬቱ ከታኅሣሥ 20 በፊት ይቆረጥ፤ 27 እና 28 ላይ መናኸሪያ የሄደ ሰው ወይ ከታሪፍ በላይ ይከፍላል ወይ መተላለፊያ ላይ በርጩማ ይሰጠዋል።

ይህ መንገድ በአንድ ቀን ሦስት አየር ያሳልፋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻን፣ ከሚሴንና አጣዬን አልፈው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወርደዋል፤ በታኅሣሥም ሙቀት ነው። ከደብረ ሲና በኋላ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣሉ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ የታኅሣሥ ውርጭ አለ። የልጆቹ ሹራብና ጋቢ ከመኪናው አናት ላይ ከተጫነ የሚፈለግበት ሰዓት ላይ አይገኝም፤ እጅ ላይ ይያዝ።

ልጅ የሚያስመልሰው ሁለት ቦታ ነው። መጀመሪያው ሐረጎ ነው፣ ገና ከደሴ በተነሱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ። ሁለተኛው የደብረ ሲና ዳገት ነው። ሌሊት ከእንቅልፉ የተነሳ ልጅ ወተት ጠጥቶ ወይም ፍርፍር በልቶ ከተሳፈረ ሐረጎን አይዘልቅም። ደረቅ ዳቦ ወይም ትንሽ ቆሎና ጥቂት ውሃ ይበቃዋል። ወንበሩ ከኋላ ጎማ ፊት ይሁን፤ የኋላው መደዳ በየመታጠፊያው ይወዛወዛል። ስልክ አይሰጠው፤ ዓይኑን ሩቅ መንገዱ ላይ ያድርግ። ደህናውን ቁርስ ከሚሴ ላይ መብላት ይሻላል፣ መንገዱ ከዚያ እስከ ሸዋ ሮቢት ለጥ ያለ ነውና። ከጣርማበር ዋሻ ወዲያና ወዲህ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ይታያል፤ ልጁ ተኝቶ ከሆነ ይቀስቀስ።

ስለ ቅቤው ትንሽ ላብራራ፤ በየዓመቱ የሚበላሸው በአንድ ዓይነት ምክንያት ነው። ደሴ ብርድ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ የተጫነ ለጋ ቅቤ ከከሚሴ እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው ሙቀት፣ በተለይ ጣራ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይቀልጣል። በፌስታል ከታሰረ ከቋጠሮው ሥር ሾልኮ የሰው ሻንጣ ላይ ይንጠባጠባል። ጣርማበር ላይ እንደገና ሲረጋ እንዳለ ጨርቁ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ሳሙናም አያስለቅቀው። ክዳኑ ጠምዛዛ የሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ይፈለግ፤ እስከ አፉ አይሞላ፣ አራት ጣት ያህል ይጉደል። ዕቃው በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከወንበር ሥር ይቀመጥ። ተነጥሮ የተወሰደ ቅቤ ቢቀልጥም አይበላሽም፤ ለጋው ግን አንዴ ቀልጦ ከረጋ ጣዕሙ ይለወጣል። በርበሬ በሁለት ፌስታል ይታሰርና ከልብስ ይለይ። ዶሮ አይጫን፤ ሾላ ገበያ ይገዛል።

ከደሴ የሚገቡ አውቶቡሶች ብዙዎቹ ላምበረት መናኸሪያ ያወርዳሉ። ዘመዱ የካ አባዶ ወይም ጣፎ የሆነ ሰው ግን እስከዚያ ምን ያደርጋል? አውቶቡሱ በለገ ጣፎና በካራ ነው የሚያልፈው፤ እዚያው መውረድ የአንድ ሰዓት መመላለስ ያስቀራል። ላምበረት የወረደ ደግሞ ዋጋ ሳይነጋገር ዕቃውን ማንም እንዲያነሳለት አይፍቀድ። አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ፒያሳንና አራት ኪሎን ከሦስት ከአራት ዓመት በፊት የሚያውቅ ሰው በኮሪደር ልማቱ ብዙ ምልክቶቹ ስለፈረሱ «ከእገሌ ሱቅ አለፍ ብሎ» የሚለው አድራሻ አይሠራለትም። ቦታው በስልክ ካርታ ይላክለት።

አሁን ወደ ሁለቱ ቀኖች። የመጀመሪያው ቀን ከስድስት ኪሎ ይጀመር፤ ምክንያቱም ቁልቁለት ነው። ስድስት ኪሎ፣ አምስት ኪሎና አራት ኪሎ በአንድ መንገድ ላይ ተሰልፈዋል፤ ከላይ ወደ ታች በእግር ሲኬድ ልጅም ሽማግሌም አይደክምም፣ የታክሲ ሰልፍም የለበትም። ዩኒቨርሲቲው ቅጥር ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ቤት እዚያ ይታያል። ግቢው በር ላይ መታወቂያ ይጠየቃል። ከበሩ ፊት ለፊት የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት አለ። ከሩቅ አይተውት አይለፉ፤ ተጠግተው ዙሪያውን የተቀረጸውን ሥዕል ለልጆቹ ያሳዩ፣ የ1929ኙ ጭፍጨፋ እዚያ ድንጋይ ላይ አለ።

ወረድ ብሎ አምስት ኪሎ ላይ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ነው የተገኘችው፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው፣ ከአጥንቷም 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። ለእይታ የሚቀርበው ቅጂው መሆኑን ለልጆቹ አስቀድሞ መንገር ጥሩ ነው፤ ዋናው አጥንት ለደኅንነቱ ተለይቶ ይቀመጣል። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አይዘልም፤ የአምስት ዓመት ልጅ አጠገቧ ቢቆም እኩያዋ ነው። የኮምቦልቻ ልጅ ከሆነ ደግሞ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርደው የከባድ መኪና መንገድ ወደዚያው ወደ አፋር ምድር እንደሚያደርስ ይነገረው። የሰፈሩ ጎረቤት መሆኗን ሲያውቅ አተያዩ ይለወጣል።

አራት ኪሎ ላይ የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት አለ። ከእሱ ብዙ ሳይርቅ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። በጾም ወራት ቅዳሴው ቀትር ላይ ስለሚገባ ለመጎብኘት ከ9 ሰዓት በኋላ መድረስ ይሻላል፤ ሴቶች ነጠላ ይያዙ፣ ጫማ ይወልቃል። ለደሴ ልጅ ከሁሉ የሚበልጠው የእቴጌ መነን መቃብር ይመስለኛል። እቴጌይቱ የአምባሰል ተወላጅ ናቸው። እናታቸው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስሂን ናቸው። ደሴ ውስጥ ሁላችንም «ወይዘሮ ስሂን» እያልን የምንጠራው ትምህርት ቤት በእኚያ እናት ስም የተሰየመ ነው። ይህን ሳይሰማ ከመቃብሩ ፊት የቆመ የደሴ ተማሪ ያየው ድንጋይ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ቀን ፒያሳ በሚገኘው የአድዋ ድል መታሰቢያ ይጀመር። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀ ሰፊ ቦታ ነው፤ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እዚህም የወሎ ልጅ እንግዳ አይደለም። የጦርነቱ መነሻ የሆነው፣ በአንቀጽ 17 ያጣላው ውል በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውጫሌ ነው፤ ከደሴ ወደ ወልድያ ሲኬድ የምናልፋት ያቺው ውጫሌ። የአፄ ምኒልክ የክተት አዋጅ የሸዋን ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ እንዲከት ያዘዘው ወረኢሉ ላይ ነበር። ልጆቹ እነዚህን ሁለት ስሞች ሙዚየሙ ውስጥ እንዲፈልጉ ቢታዘዙ አይሰለቹም። ከዚያው ጥቂት እርምጃ ላይ ጊዮርጊስ አለ።

ከሰዓት በኋላው ለአንድነት ፓርክ ነው። ልጆቹ አንበሳውን ለማየት ይቆማሉ፤ ይቁሙ። የአፄ ምኒልክን የግብር አዳራሽ ግን ሳያዩ አይውጡ። የእኛው ደሴ የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ አላት፤ ስሙም አይጠየፍ ነው፣ ደሃና ጌታ ሳይጠያየፍ የሚበላበት። ሁለቱን አዳራሾች ያየ ልጅ ግብር የሚባለውን ነገር ከመጽሐፍ በላይ ይረዳዋል። አይጠየፍን ሳያይ የሄደ ካለ ሲመለስ ይየው። በየመግቢያው ፍተሻ አለ፤ ለብርቱካን መላጫ ቢላ ቦርሳ ውስጥ የያዘ ሰው በር ላይ ይጉላላል።

እንጦጦን በእነዚህ ሁለት ቀኖች ላይ ለመደረብ መሞከር ሁሉንም ያበላሻል። ሦስተኛ ቀን ካለ ብቻ፣ ጠዋት፣ በጋቢ።

ለዝግጅት ክፍሉ የምጠይቀው ይህን ነው፤ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ በሚወጣው እትማችሁ ሙዚየሞቹና ፓርኮቹ በዋዜማው፣ በበዓሉ ዕለትና በማግስቱ ክፍት ይሁኑ ዝግ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ የመግቢያ ዋጋቸው ለአዋቂና ለልጅ ስንት እንደሆነ በአንድ ሠንጠረዥ አውጡልን። ለጥምቀት የሚገባ እንግዳም አለ። ከጥር 10 ከተራ እስከ ጥር 12 በጃንሜዳ ዙሪያና በስድስት ኪሎ የትኞቹ መንገዶች ለመኪና እንደሚዘጉ፣ ታክሲው የት እንደሚያወርድ ቀደም ብላችሁ ጻፉ። ጋዜጣው ደሴ ሲደርስ አንድ ሁለት ቀን ስለሚዘገይ ከጥር 5 ባያልፍ።

አንድ አንባቢ
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ