ልጆቻችሁ ሐይቁን እንዲከታተሉ ፈቃዳችሁን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ባለፈው የትምህርት ዘመን አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ተማሪ ቢሮዬ መጣች። በእጇ የብርጭቆ ጠርሙስ ይዛለች። ውስጡ ያለው ነገር ቀለም ይመስላል፤ ደማቅ አረንጓዴ። «ሐይቁ ዳር ያገኘሁት ነው፣ ለሳይንስ መምህራችን ላሳየው ነው» አለችኝ። ፊቷ ላይ ደስታ ይነበባል። እኔ ግን ያየሁት እጆቿን ነው። እስከ አንጓዋ ድረስ አረንጓዴ ሆነዋል። ቶሎ ብዬ ወደ ቧንቧው ወሰድኳትና በሳሙና አስታጠብኳት። ለቤተሰቧም ደወልኩ። ደግነቱ ምንም አልሆነችም።

ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። አንድ እንግዳ ነገር አየች፣ ምን እንደሆነ ማወቅ ፈለገች። ያጠፋነው እኛ ነን። ትምህርት ቤታችን ሐይቅ አጠገብ ሆኖ ሳለ፣ ውሃው ላይ የሚታየው ነገር ምን እንደሆነ፣ እስከ የት ድረስ መጠጋት እንደሚቻልና ከየት ማለፍ እንደሌለባቸው ለልጆቹ ቁጭ ብለን አላስረዳናቸውም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በዚህ ምክንያት ነው። ዘንድሮ ከ7ኛ ክፍል በላይ ያሉ ተማሪዎች በበጎ ፈቃድ የሚሳተፉበት የሐይቅ ክትትል ቡድን ልንጀምር አስበናል። ያለ እናንተ ፈቃድ ግን አንድም ልጅ አይወጣም።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሁላችንም አልጌ እንለዋለን፤ በመማሪያ መጻሕፍት ዋቅላሚ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ችግር የሚፈጥረው ግን እውነተኛ አልጌ አይደለም። ሳይኖባክቴሪያ የሚባል ባክቴሪያ ነው። እንደ ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ያዘጋጃል። በትንሹ ሲኖር ክፋት የለውም፣ በየትኛውም ሐይቅ ውስጥ ይገኛል። እንዲያውም ምድራችን ላይ መጀመሪያ ኦክስጅን ያመረቱት የእሱ ቅድመ አያቶች ናቸው። አስቸጋሪ የሚሆነው ሲበዛ ነው። ውሃው ሲሞቅና ሲረጋ፣ በዚያ ላይ ፎስፈረስና ናይትሮጅን ሲትረፈረፍ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሐይቁን ሊሸፍን ይችላል። ብዙዎቹ ዓይነቶች በውስጣቸው ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ስላሏቸው ወደ ላይ ይንሳፈፋሉ። ነፋስ ደግሞ ወደ ዳር ይገፋቸዋል። የሐይቁ መሃል ንጹሕ መስሎ ሳለ ልጆች እግራቸውን የሚነክሩበት ዳርቻ ላይ ወፍራም ሽፋን ተጋግሮ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ከእነዚህ አንዳንዶቹ መርዝ ያመርታሉ። በብዛት የሚታወቀው ማይክሮሲስቲን ጉበትን ይጎዳል። አናቶክሲን የተባለው ደግሞ ነርቭን ያጠቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ላለው ማይክሮሲስቲን ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው፤ የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ማለት ነው። አንድ ነገር ደግሞ አደራ ልብ በሉልኝ፦ ውሃውን ማፍላት መርዙን አያጠፋውም። ሕዋሶቹ ይፈነዱና መርዙ ውሃው ውስጥ ይለቀቃል፣ ውሃው በተነነ ቁጥርም የቀረው ይበልጥ ይጠነክራል። «አፍልተን እንጠጣው» የሚለው የቆየ ልማዳችን እዚህ ላይ አይሠራም።

ላስፈራራችሁ ፈልጌ አይደለም፤ ግን ታሪኩን መደበቅም አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1878 ጆርጅ ፍራንሲስ የተባለ ሰው በአውስትራሊያ አሌክሳንድሪና ሐይቅ ዳር ከብቶች ይህን ሽፋን ከውሃው ጋር ጠጥተው መሞታቸውን ጻፈ። በሳይንስ መጽሔት ስለዚህ ጉዳይ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በብራዚል ካሩዋሩ ከተማ የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ በርካታ ሕሙማን ሕይወታቸው አለፈ፤ ምክንያቱ ለእጥበቱ በዋለው ውሃ ውስጥ የነበረው ማይክሮሲስቲን ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 ደግሞ በአሜሪካ ቶሌዶ ከተማ ከ400,000 በላይ ሕዝብ የቧንቧ ውሃችሁን አትጠጡ ተባለ። መርዙ የመጣው ከኤሪ ሐይቅ ነበር። ሀብታም አገር፣ ዘመናዊ የውሃ ማጣሪያ፣ ግን እንደዚያም ሆኖ ደረሰ።

በወላጅ ስብሰባ ላይ አንድ አባት ጥሩ ጥያቄ ጠይቀውኛል። «ታዲያ እንዲህ አደገኛ ከሆነ ለምን ለባለሙያ አይተውም? ልጆችን ምን አገባቸው?» አሉኝ። ብዙዎቻችሁም ይህንኑ እያሰባችሁ እንደሆነ እገምታለሁ።

ባለሙያ ወደ አንድ ሐይቅ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ሽፋኑ ግን ጠዋት ታይቶ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሊበትነው ይችላል። ባለሙያው በነጋታው ቢመጣ የሚያገኘው ንጹሕ ውሃ ነው። ሳተላይትም ይረዳል፤ ለምሳሌ የአውሮፓው ሴንቲኔል 3 የውሃን ቀለም ከላይ ሆኖ ይለካል። ሆኖም በምስሉ ላይ አንዷ ነጥብ 300 ሜትር በ300 ሜትር የሚሆን ቦታ ትሸፍናለች። ልጆቻችን የሚጫወቱባት ጠባብ ዳርቻ እዚያ ውስጥ ጠፍታ ትቀራለች። ሰማዩ ደመና ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይታይም። ክፍተቱን የሚሞላው በየሳምንቱ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ቆሞ የሚያይ ሰው ነው። ይህ ደግሞ ዲግሪ አይጠይቅም። ዓይን፣ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃል። በሰሜን አሜሪካ ሻምፕሌን ሐይቅ ዙሪያ በጎ ፈቃደኞች በሞቃቱ ወራት የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የታወቀ ቦታቸው ላይ ይቆማሉ፣ ያዩትን ይመዘግባሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ይልካሉ።

የእኛዎቹ ምን ይሠራሉ? ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ የተመረጡ 3 ቦታዎች ላይ ይቆማሉ። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ፀሐይ ይሁን ደመና፣ የውሃው ቀለም ምን እንደሚመስል ይጽፋሉ። ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል ሽፋን አለ? አረንጓዴ ነጠብጣብ ተበትኗል? ሽታውስ? ከዚያ ፎቶ፤ አንዱ ከቅርብ፣ ሌላው አካባቢውን የሚያሳይ። ቴርሞሜትር በገመድ አውርዶ ሙቀቱን የሚለካው መምህሩ ነው።

ልጆቹ በጣም የሚወዱት መሣሪያ ሴኪ ዲስክ እንደሚሆን እርግጠኛ ነኝ። ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ነገር ነው። አንጄሎ ሴኪ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1865 በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ነጭ ክብ ሰሌዳ በገመድ እያወረደ የውሃውን ጥራት ለካ። ዛሬም ዘዴው ያው ነው። ዲስኩን ቀስ ብለህ ታወርደዋለህ፤ ከዓይንህ ሲጠፋ ገመዱ ላይ ያለውን ቁጥር ታነባለህ። ከዚያ ትስበዋለህ፤ ብቅ ሲል እንደገና ታነባለህ። የሁለቱ አማካይ የዕለቱ ውጤት ነው። በቃ። ባትሪ የለ፣ ኬሚካል የለ። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ በሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች በዚህ ቀላል ዕቃ የሐይቆቻቸውን ጥራት እየለኩ በአንድ ቋት ሲያጠራቅሙ ኖረዋል። እኛ የምንለካው ከጀልባ ማቆሚያው ላይ፣ አጥር ባለው በኩል ብቻ ነው። ገመዱን የሚይዘው ጓንት ያደረገ መምህር ነው፣ ቁጥሩን የሚያነበው ተማሪው።

ናሙና የሚቀዳው መምህሩ ብቻ ነው። ውሃውን በጠርሙስ ያደርግና ለብቻው በተለየ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድረዋል። ሳይኖባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሌላው አልጌ ደግሞ ወደ ታች ይዘቅጣል። ለልጆች ይህን ማየት ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። መርዝ አለ ወይስ የለም የሚለውን ዓይን አይፈርድም፤ ላቦራቶሪ ነው የሚለየው። ስለዚህ ቡድናችን «ውሃው ደህና ነው» ብሎ አይናገርም። አጠራጣሪ ነገር ሲታይ በዚያው ዕለት ለሚመለከተው የውሃና የጤና ክፍል እናሳውቃለን፣ ለእናንተም መልእክት ይደርሳችኋል።

ቡድኑን ለመጀመር ከማሰባችን በፊት ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ባደረግነው ሙከራ ጊዜ ያስተዋልኩትን አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። ለ3 ሳምንት ያህል ምንም አልታየም። አንድ ተማሪ «ምንም ከሌለ ምን ልጻፍ?» አለኝ። «ምንም የለም ብለህ ጻፍ» አልኩት። ፊቱ ጨፈገገ። ያ ባዶ መስመር ግን ወርቅ ነው። ሐይቁ ንጹሕ የነበረበት ቀን ካልተጻፈ፣ የተበላሸበት ቀን መቼ እንደጀመረ በምን ይታወቃል? ልጆች ያላዩትን እንዳይጽፉ፣ አሰልቺውን ቀንም እንዳይዘሉ ማስተማር ለእኔ ከሳይንሱ እኩል ነው።

አደጋውን በተመለከተ ያወጣነው ደንብ አጭር ነው። ማንም ልጅ ውሃውን አይነካም። ሽፋን ካለ ቡድኑ ራቅ ብሎ ይቆማል፣ ነፋስ ጠብታውን ወደ ሰው እየረጨ ከሆነም ይመለሳል። ውሃው አጠገብ የሚቆም ልጅ ሁሉ የመንሳፈፊያ ጃኬት ይለብሳል። ሁሉም ሲጨርስ እጁን በንጹሕ ውሃና በሳሙና ይታጠባል። ውሻ ይዞ መምጣት አይቻልም፤ ውሻ ከውሃው ወጥቶ ፀጉሩን ሲልስ መርዙን ይውጣል፣ በዚህ የሞቱ ብዙ ናቸው። ከቡድኑ ውጭም ቢሆን፣ ልጃችሁ ሐይቅ ውስጥ ከዋኘ በኋላ ቆዳው ካሳከከው፣ ዓይኑ ከቀላ፣ ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው ወደ ሐኪም ውሰዱት። ሐይቅ ውስጥ እንደነበረም ለሐኪሙ ንገሩት።

ልጆቹ ቤት ሲመጡ ጥያቄ ያበዙባችኋል። ስለ ሳሙናው፣ ስለ ማዳበሪያው፣ የሽንት ቤቱ ፍሳሽ የት እንደሚሄድ ይጠይቃሉ። ምክንያት አላቸው፤ ሽፋኑን የሚያበዛው ፎስፈረስ ከእነዚህ ወደ ሐይቅ ሊገባ ይችላል። ዴቪድ ሺንድለር የተባለ የሐይቅ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 በካናዳ አንዲት ትንሽ ሐይቅን በመጋረጃ ለሁለት ከፈሏት። በሁለቱም በኩል ካርቦንና ናይትሮጅን ጨመሩ፣ በአንዱ በኩል ብቻ ፎስፈረስ። ፎስፈረስ የገባበት ወገን አረንጓዴ ሆነ። ሌላው ግን አልሆነም። በሲያትል ያለው ዋሽንግተን ሐይቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የከተማው ፍሳሽ ወደ ሌላ አቅጣጫ ከተመለሰ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መልሶ ጠርቷል። እባካችሁ ልጆቹ ሲጠይቁ «ዝም በል» አትበሏቸው። መልሱን ካላወቃችሁት አብራችሁ ፈልጉት።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የፈቃድ ቅጽ ተያይዟል። ፈርማችሁ እስከ ዓርብ በልጃችሁ እጅ ላኩልኝ። ባትስማሙም «አልፈቅድም» ብላችሁ ላኩት፤ ልጁ በዚህ ምክንያት ነጥብ አይቀነስበትም። አለርጂ ወይም አስም ያለበት ልጅ ካለ ቅጹ ላይ ጻፉልን። ለ5 ልጆች 1 አዋቂ ያስፈልገናል፣ መምህራኑ ብቻቸውን አይበቁም። በወር አንድ ቅዳሜ መምጣት የምትችሉ ስማችሁን አስመዝግቡ። ሥልጠናው የአንድ ሰዓት ነው፣ ጓንቱም ጃኬቱም ከእኛ ነው። ልጆቹ የተሸፈነ ጫማ፣ ኮፍያና የሚጠጡትን ውሃ ከቤት ይዘው ይምጡ።

ያቺ ጠርሙስ ይዛ የመጣችው ተማሪ ከሁሉ ቀድማ ተመዝግባለች። ደብተሩን እኔ ልያዝ ብላኛለች፣ እሺ ብያታለሁ። እናቷም የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ አብረውን ይወጣሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ርዕሰ መምህር