በእጅ ወይስ በማሽን? ስለ ጠፈርተኞች ፊርማ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ስለ ጠፈር ጉዞ የተጻፉ አሮጌ መጻሕፍትንና ፊርማ ያረፈባቸውን ማስታወሻዎች የምትሰበስቡ ደጋግማችሁ የምታነሱት ጥያቄ አለ፦ ጨረቃን ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጠው የኒል አርምስትሮንግ ፊርማ ያለበት ፎቶ አንዱ ሻጭ ዘንድ ርካሽ፣ ሌላው ዘንድ የማይቀመስ የሚሆነው ለምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ ርካሹን የፈረመው አርምስትሮንግ ሳይሆን ማሽን ስለሆነ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ በዕቃ ዝርዝራችን ላይ “የተፈረመበት” ብለን ብቻ አንተውም። በእጅ የተፈረመ፣ በማሽን የተፈረመ፣ የታተመ ፊርማ፣ ወይም በተለጠፈ ወረቀት ላይ የተፈረመ ብለን ለይተን እንጽፋለን። እናንተም ቤታችሁ ሆናችሁ መለየት እንድትችሉ አሠራሩን እናስረዳችኋለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ማሽኑ ኦቶፔን ይባላል። በ1960ዎቹ ፊርማ የሚጠይቅ ደብዳቤ ወደ አሜሪካ የጠፈር ድርጅት ወደ ናሳ ይጎርፍ ስለነበር ጠፈርተኞቹ ሁሉንም በእጃቸው ፈርመው ሊዘልቁት አልቻሉም። የእያንዳንዱ ፊርማ በቅርጽ ሰሌዳ ላይ ይቀረጻል፤ የማሽኑ ክንድ የሰሌዳውን መስመር እየተከተለ በያዘው እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ይጽፋል። የሚፈሰው እውነተኛ ቀለም ነው። ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በማጉያ መነጽር አይቶ ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ሲሰርግ ካየ፣ “በእጅ የተፈረመ ነው” ብሎ ይደመድማል። ያ የሚያረጋግጠው ግን ፊርማው በማተሚያ ቤት አለመታተሙን ብቻ ነው።

ሰው ሲፈርም ብዕሩ ወረቀቱን ሳይነካ እጁ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ሲጨርስም እየተንቀሳቀሰ ይነሳል። ስለዚህ የመስመሩ ጫፍ እንደ ጅራት እየቀጠነ ይሄዳል። ማሽኑ ብዕሩን አስቀምጦ ይጀምራል፣ አቁሞ ያነሳል፤ በመነሻውና በመድረሻው ላይ ክብ የቀለም ነጥብ የሚቀረውም በዚህ ምክንያት ነው። የእጅ ጫና ስለማይለዋወጥ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ውፍረት አለው፤ ኩርባው ላይ ደግሞ የክንዱ ንዝረት ጥቃቅን መንቀጥቀጥ ይፈጥራል። 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽርና ከጎን የሚበራ መብራት ይበቃችኋል።

ከሁሉም የሚበልጠው ፈተና ማነባበር ነው። ማንም ሰው ሁለት ጊዜ ፍጹም አንድ ዓይነት ፊርማ አይፈርምም። የፊርማውን ፎቶ በቀጥታ ከላይ አንሱ፤ ሰብሳቢዎች ከለዩአቸው የኦቶፔን ናሙናዎች ጋር አንድ መጠን አድርጋችሁ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ አትሙና አንዱን በሌላው ላይ አስቀምጡ። ከገጠሙ ነገሩ አለቀ። ካልገጠሙ ግን አላለቀም። ለአንድ ጠፈርተኛ ከአንድ በላይ ቅርጽ ይሠራ ስለነበር ሁሉንም መሞከር ያስፈልጋል። ወረቀቱ በማሽኑ ላይ ጥቂት ከተንሸራተተም የመጀመሪያው ስም ገጥሞ የአባት ስሙ በጥቂት ሚሊ ሜትር ሊርቅ ይችላል። ስለዚህ ስሙን በቁራጭ በቁራጩ አነጻጽሩ።

“አባቴ በ1969 ከናሳ በፖስታ የደረሰው ነው፤ ኤንቨሎፑም አለ” የሚል ማስረጃም በቂ እንዳይመስላችሁ። ሻጩ እውነቱን ሊሆን ይችላል፣ ኤንቨሎፑም የናሳ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የኦቶፔን ፊርማዎች የተሰራጩት በዚያው መንገድ ነው። ከዚህ ይልቅ ክብደት የምንሰጠው ፊርማው የት፣ መቼና በማን ፊት እንደተፈረመ ለሚናገር ማስረጃ ነው። የሻጭ የምስክር ወረቀት ደግሞ ከሰጪው እውቀት በላይ ዋጋ የለውም።

የታተመ ፊርማ ቀላል ነው። 20 በ25 ሴንቲ ሜትር በሆኑት የናሳ ፎቶዎች ላይ በብዛት ይገኛል፤ በማጉያ ሲታይ ፊርማው ከምስሉ ጋር አንድ ገጽ ላይ ነው፣ ብርሃን ሲያርፍበትም ለብቻው አያንጸባርቅም።

አንዳንዱን ሐሰት ደግሞ ያለ መነጽር በቀን መቁጠሪያ ብቻ ማጋለጥ ይቻላል። ጠፈርተኛው ገስ ግሪሰም በአፖሎ 1 መንኩራኩር ቃጠሎ የሞተው ጥር 27 ቀን 1967 ነው፤ ከአፖሎ በፊት ስለነበሩት የጀሚኒ የጠፈር በረራዎች የጻፈው መጽሐፍ የወጣው ግን በ1968 ነው። እንግዲህ በዚያ መጽሐፍ ላይ የግሪሰም ፊርማ ካያችሁ ምንም ምርመራ አያስፈልገውም። የሻርፒ ማርከር ገበያ ላይ የዋለው በ1964 ስለሆነ፣ “1962” ተብሎ በሻርፒ የተፈረመ የሜርኩሪ (የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ሰው የያዙ በረራዎች) ዘመን መጽሐፍም እንዲሁ ነው። አርምስትሮንግ በ1994 ለጠያቂዎች መፈረም አቁሟል፤ ከዚያ በኋላ በታተመ ነገር ላይ ስሙን ስታዩ መጀመሪያ ተጠራጠሩ።

ለጀማሪ የምንመክረው በአፖሎ 11 ከአርምስትሮንግ ጋር ወደ ጨረቃ የተጓዘውን ማይክል ኮሊንስን ነው። “ካሪይንግ ዘ ፋየር” የተባለውን መጽሐፉን በ1974 ያለ ሌላ ጸሐፊ እገዛ ራሱ ጻፈው፤ እስከ ስተርጅናው ድረስም ብዙ ፈርሟል። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ለጨረቃ ጉዞው 40ኛና 50ኛ ዓመት፣ በ2009 እና በ2019፣ እንደገና ታትሟል። በእነዚህ ላይ ያለ ፊርማ እውነተኛ ቢሆንም የ1974ቱን የመጀመሪያ ኅትመት ዋጋ አይጠራም። በ1974ቱ ላይ የመብት ገጹን (የቅጂ መብቱ የተጻፈበትን)፣ የወረቀት ልባሱን እጥፋትና የኋላ ጠንካራ ሽፋኑን ተመልከቱ። እጥፋቱ ላይ ዋጋ ካልታተመ፣ በኋላ ሽፋኑ ታችኛ ጥግ ገጾቹ ከተጠረዙበት ጎን አጠገብ ትንሽ ስርጉድ ምልክት ካለ፣ መጽሐፉም ከሌሎቹ ቀለል ካለ የመጽሐፍ ክበብ ዕትም (ለክበብ አባላት ለብቻ የታተመ) ነው። እጥፋቱ በመቀስ ተቆርጦ ዋጋው ከጠፋ ግን ሁለቱም ሊሆን ስለሚችል በሌሎቹ ምልክቶች ለዩት። የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ያለበትን ስትገዙ ከቤተ መጻሕፍቱ በሕጋዊ መንገድ መውጣቱን የሚያሳይ “ተሰርዟል” የሚል ማኅተም ጭምር መኖሩን አረጋግጡ።

ወደ ጠፈር ደርሶ የተመለሰ ነው ስለሚባል ዕቃ ባጭሩ፦ የአፖሎ ጉዞዎች ያመጡት 382 ኪሎ ግራም የጨረቃ ድንጋይና አፈር የአሜሪካ መንግሥት ንብረት ነው፤ “ከአፖሎ የተገኘ የጨረቃ አፈር” የሚሸጥላችሁን አትቅረቡ። ጠፈርተኞቹ ለራሳቸው ያስቀሯቸው የበረራ መመሪያዎችና የመሳሰሉት ግን በ2012 በወጣው ሕግ የራሳቸው ሆነዋል። ስለዚህ ከጠፈርተኛው እጅ መውጣቱን የሚገልጽ ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ከሌለ አንገዛም።

አቀማመጡ ላይ እባካችሁ አትቸኩሉ። ፊርማን የሚገድለው ብርሃን ነው፤ ማርከር በመስኮት አጠገብ በጥቂት ዓመታት ይደበዝዛል። የክፍሉ ሙቀት ከ18 እስከ 21 ዲግሪ፣ እርጥበቱ ከ35 እስከ 50 በመቶ ይሁን። ጅዳና ዱባይ ያላችሁ ደንበኞቻችን መጽሐፉን ከአየር ማቀዝቀዣው አፍ ፊት አታኑሩት፤ ማቀዝቀዣው ሲጠፋና ሲበራ እርጥበቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ሽፋኑ ይቆለመማል። ለልባሱ የፖሊስተር መሸፈኛ ተጠቀሙ። ለስላሳው የፒቪሲ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ ተጣብቆ ቀለሙን ይዞ ይነሳል። ፎቶን በላሚኔሽን አታስለብሱ፤ ማስለቀቂያ የለውም።

ከሌላ ቦታ ልትገዙ ያሰባችሁትን እንድናይላችሁ ከፈለጋችሁ አምስት ፎቶ ላኩልን፦ የርዕስ ገጹን፣ የመብት ገጹን፣ የልባሱን ሁለት እጥፋቶች በአንድ ላይ፣ ፊርማውን አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጣችሁ በቀጥታ ከላይ፣ እንዲሁም ፊርማውን መብራት ከጎን አብርታችሁ በቅርብ። ሻጩ የመጨረሻውን ፎቶ ለማንሳት እምቢ ካለ፣ ክፍያውን አቆዩት።

ከአክብሮት ጋር፣
የመጽሐፍ ቤቱ ባልደረቦች