ሰርፕራይዙ ሰዓቱ ይሁን፣ ጥያቄው አይሁን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሰሞን በጋዜጣችሁ ላይ አንድ አንባቢ ተንበርክኮ ቀለበት ማቅረብ የፈረንጅ ቅጂ ነው፣ ሽምግልናንም እየገደለ ነው ብለው የጻፉትን አነበብኩ። የምጽፍላችሁ ከሮም ነው። ሥራዬ ፎቶ ማንሳት ነው። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ የእኛው ልጆች ናቸው፤ ከሚላኖ፣ ከፍራንክፈርት፣ ከስቶክሆልም፣ አንዳንዴም ከዱባይ ይመጣሉ። ልጁ ቀለበቱን ኪሱ ውስጥ ደብቆ፣ ልጅቷ ደግሞ ሽርሽር መስሏት ኮሎሲየም ከሚባለው ጥንታዊ ስታዲየም አጠገብ ሲደርሱ እኔ ካሜራዬን ይዤ እጠብቃቸዋለሁ። ስለዚህ ነገሩን በቅርብ አውቀዋለሁ፤ ከጸሐፊው ጋር ግን በሁሉም አልስማማም።

ሽምግልናን አይገድልም። ፎቶው ካለቀ በኋላ መጀመሪያ የሚደወለው ለማን እንደሆነ ባያችሁ! ለእናቷ ነው። ቀጥሎ ወሬው ሽማግሌ ማን ይሁን፣ መቼ ይላክ፣ አጎትየው ይስማሙ ይሆን ወይ ነው። ሽማግሌ የሚሄደው ወደ ቤተሰብ ነው፤ ልጁ የሚንበረከከው ለእሷ ነው። ሁለቱ አይጣሉም። እንዲያውም በድሮው ሥርዓት ብዙ ጊዜ ልጅቷ የራሷን ጉዳይ የምትሰማው ከሁሉም በኋላ ነበር። አሁን መጀመሪያ እሷ መጠየቋ በእኔ ዓይን ትልቅ ነገር ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጥያቄው ወደ ትርዒት ሲለወጥ ነው።

አንድ ልጅ ጓደኞቹን ሰብስቦ፣ አበባና ድምፅ ማጉያ አሳዝሎ መጣ። ሰዓቱ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ የኮሎሲየም ዙሪያ በቱሪስት በሚጨናነቅበት ሰዓት። ሙዚቃው ተከፈተ፣ ልጁ ተንበረከከ፣ ጓደኞቹ ጨበጨቡ። ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ከበባቸው። ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ዙሪያዋን የቆሙት፣ የማታውቃቸው ሰዎች ጭምር፣ በጣሊያንኛ «ሲ በይው! ሲ በይው!»፣ እሺ በይው ማለታቸው ነው፣ እያሉ ጮኹ። በእሺታ ራሷን ነቀነቀች፣ ጭብጨባው ቀለጠ። በኋላ ፎቶዎቹን ሳሳያት ቀስ ብላ «እባክህ የትም እንዳታወጣቸው» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ፎቶዎቹ በሙያ ዓይን የተዋጣላቸው ነበሩ። አንዱንም ለሥራዬ ማሳያ አልተጠቀምኩበትም።

ሁለት መቶ ሰው ዓይኑን ተክሎብሽ፣ ሁሉም ካሜራ ደግኖብሽ፣ «እስቲ ላስብበት» ማለት ይቻላል? አይቻልም። የአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ የሚመሠረት ነው ይላል። በጩኸት መሀል የተነቀነቀ ራስ ሙሉ ፈቃድ ነው ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

ስለዚህ አሁን አንድ ልጅ ሲደውልልኝ ስለ ዋጋ ከመነጋገራችን በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ «ስለ ትዳር አውርታችሁ ታውቃላችሁ?» አዎ ካለ፣ ልጆች ስለመውለድ፣ የት እንደሚኖሩ፣ በማን ሃይማኖት እንደሚጋቡ የተነጋገሩ ከሆነ፣ ቀን እንቆርጣለን። አይ፣ ድንገት ነው የማነሳባት ካለ ቀብድ አልቀበልም። መጀመሪያ ቡና ጠጡና አውሩ እለዋለሁ። ሰርፕራይዙ ሰዓቱና ቦታው ይሁን። የምትመልሰውን መልስ ልቧ አስቀድሞ ያውቀው።

ቦታውማ ለሁለት ሰው ብቻ የሚመች ሰዓት አለው። ኮሎሲየም እ.ኤ.አ. በ80 ዓ.ም. ሲመረቅ ሃምሳ ሺህ ያህል ሰው እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ዛሬም ከረፋዱ ጀምሮ ዙሪያው ሰው በሰው ነው። ፀሐይ ስትወጣ ግን ጭር ይላል። በሰኔ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ትወጣለች፣ በታኅሣሥ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ። ከሜትሮ ጣቢያው በላይ ካለው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስትቆሙ ያልፈረሰው የውጭ ግድግዳ ከነአራት ፎቁ ፊት ለፊታችሁ ነው፤ 48 ሜትር ያህል ቁመት አለው። ሁሉም የሚጠይቀኝ ያንን ቦታ ነው። ጥሩ ቦታ ነው፣ አልከለክልም።

ለእኛ ልጆች ግን እኔ የምመርጠው ከኮሎሲየም አጠገብ ያለውን የቆስጠንጢኖስን የድል ቅስት ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማታ፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የገባው እዚህ ነው። ከሞሮኮው ሯጭ ራዲ ጋር ጎን ለጎን ሲሮጥ ቆይቶ ወደ መጨረሻው አፈትልኮ የወጣው የአክሱም ሐውልት ጋ ሲደርስ ነበር። ሐውልቱ ያኔ ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ ነበር፤ ፋሺስቶቹ ከአክሱም ዘርፈው እ.ኤ.አ. በ1937 ያቆሙት። 24 ሜትር የሚረዝመው ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ2005 በሦስት ክፍል ሆኖ በአውሮፕላን ወደ አገሩ ተመለሰ፣ በ2008 አክሱም ላይ እንደገና ቆመ። ከአደባባዩ እስከ ቅስቱ በእግር አሥር ደቂቃ ቢወስድ ነው። ልጁን ከዚያ ጀምረህ አምጣት፣ ታሪኩን እየነገርካት ተራመዱ እለዋለሁ። ለእሷ እውነተኛ የእግር መንገድ ነው፣ ምንም አትጠረጥርም። ለእሱም ድንጋጤው ይለቀዋል፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ስንት አይቻለሁ፣ ሳጥኑን መክፈት ሁሉ የሚያቅተው።

እኔ ሠላሳ ሜትር ያህል ርቄ በረጅም ሌንስ ነው የማነሳው፤ ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ባለው። የካሜራውን ድምፅ አጠፋለሁ። ፍላሽ የሚባል ነገር የለም። ምልክታችን ጃኬት ማውለቅ ሊሆን ይችላል፣ ቦርሳ ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው ማዞርም ይሆናል። ልጁን በጎን እንድትታዩኝ ሆነህ ቁም፣ ጀርባህን አትስጠኝ፣ ቀለበቱን ካሳየህ በኋላም ተረጋጋ፣ ወዲያው ብድግ አትበል እለዋለሁ። ብዙዎቹ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ይነሳሉ፣ እና የፊቷን ነገር ሳላገኘው ያመልጠኛል።

ርቀቱ ለፎቶ ማማር ብቻ አይደለም። እምቢ ብትል፣ ወይም «ቆይ፣ እናውራበት» ብትል፣ ማንም አላያትም። እኔ ካሜራዬን ይዤ እንደማንኛውም ቱሪስት እሄዳለሁ፣ ያነሳሁትንም አጠፋለሁ። ይህን ከልጁ ጋር አስቀድመን እንስማማበታለን። የማይስማማ ሌላ ፎቶ አንሺ ይፈልግ።

ድሮን ይዘህ ና የሚሉኝም አሉ። በሮም መሀል ከተማ ድሮን ማብረር ክልክል ነው። ስማችንን ግድግዳው ላይ እንጻፍ የሚሉ ደግሞ ያስቆጡኛል። እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ጎብኚ የራሱንና የፍቅረኛውን ስም በኮሎሲየም ግድግዳ ላይ በቁልፍ ሲፍቅ በቪዲዮ ተቀርጾ ዓለም ሁሉ አየው። ሐውልታችን ሲዘረፍ ያለቀስን ሰዎች የሌላውን ቅርስ ልናከብር ይገባናል።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ሰዎች ፎቶውን ለእናንተም ይልካሉ፣ እናንተም ለማስደሰት ብላችሁ ታወጣላችሁ። ደግ ነገር ነው። ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚልከው ልጁ ነው፤ ወይም ጓደኛው፣ ወይም ፎቶ አንሺው ለማስታወቂያ። የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ ይከለክላል። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው አበበ በሮም ባሸነፈ ማግስት፣ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው። ጣሊያንም ተመሳሳይ ሕግ አላት። ማለቴ አዲስ ነገር አልጠየቅኩም፤ ሕጉ ስድሳ ዓመት አልፎታል፣ እኛ ነን የረሳነው።

ብዙ ፎቶ አንሺዎች፣ አዲስ አበባም እዚህም ያሉ፣ ገና ልጅቷ እንባዋን ሳትጠርግ ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ ይለቁታል። አባቷ ከሽማግሌ በፊት ከጎረቤት ስልክ ላይ ያዩታል። ጸሐፊው ሽምግልና ተገደለ ያሉት ይህን ከሆነ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፣ ያዋረደው ግን መንበርከኩ አይደለም፣ ችኮላው ነው። እኔ ፎቶውን ለሁለቱም እልካለሁ፣ በየስልካቸው፣ ለየብቻ። ሁለቱም በጽሑፍ ይሁን ካላሉ የትም አይወጣም። ቤተሰብ እስኪሰማ ጠብቅ ካሉኝም እጠብቃለሁ፤ ወራት ቢሆንም።

ከጋዜጣችሁ የምለምነው እንዲህ ያለ ፎቶ ሲደርሳችሁ ለልጅቷ ራሷ እንድትደውሉላት ነው። ለላኪው አይደለም፣ ለእሷ። ስሟና ፎቶዋ እንዲወጣ ትፈልግ እንደሆነ፣ ቤተሰቧ ሰምተው እንደሆነ ጠይቋት። ስልኳን ልንሰጣችሁ አንፈልግም ያለ ሰው ከመጣ ፎቶውን መልሱለት።

ከአክብሮት ጋር፣
ፎቶ አንሺው አንባቢያችሁ፣ ከሮም