የአየርላንዳዊው አያታችን ወገኖች እንዴት እንደተገኙ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በወሎ፣ በተለይም በደሴና በኮምቦልቻ፣ ከጦርነቱ ዘመን በኋላ እዚሁ ከቀሩ የውጭ አገር ሰዎች የተወለዱ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። ብዙዎቻችን በአገሬው ወገን እስከ ሰባት ቤት ቆጥረን ስንናገር፣ በፈረንጁ አያት በኩል ግን ከአንድ ስም አናልፍም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው መንገዱ ፈጽሞ የተዘጋ የሚመስላቸው ወገኖቼ ተስፋ እንዳይቆርጡ፣ ፍለጋውም ከባዕድ አገር መዝገብ ሳይሆን ከገዛ አዛውንቶቻቸው ቃል መጀመር እንዳለበት ለማሳሰብ ነው።

አባቴን የወለዱት አየርላንዳዊ፣ ደሴ በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ከጣልያን እጅ ከወጣች በኋላ ከእንግሊዝ ጦር ጋር መጥተው፣ ከጦሩ ሲሰናበቱ እዚሁ ቀርተው በመካኒክነት የሠሩና አባቴ ገና ሕፃን ሳሉ ያረፉ ሰው ናቸው። የኩታበር ተወላጅ የሆኑት ሴት አያቴ ስለ እሳቸው የነገሩን ካቶሊክ እንደነበሩ፣ የተወለዱበት የአየርላንድ አውራጃ ሜዮ እንደሚባልና እናታቸው ብሪጂት እንደሚባሉ ብቻ ነው። በሳጥን ውስጥ የቆየው የወታደርነት ደብተራቸውም ይህንኑ የእናት ስም አጸናልን።

የእናት ስም መታወቁ ፍለጋውን ሁሉ ቀና አድርጎታል። በአየርላንድ ሁለተኛው ስም ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚወርድ የቤተሰብ ስም እንጂ የአባት ስም ስላልሆነ፣ በአንድ አውራጃ ውስጥ በስማቸውም በቤተሰብ ስማቸውም የሚመሳሰሉ ብዙ ሰዎች ይገኛሉ። እነዚህን ለመለየት የሚያስችለው እ.ኤ.አ. በ1864 በተጀመረው የልደት ምዝገባ ላይ የእናት ስም ከማግባቷ በፊት ከነበራት የቤተሰብ ስም ጋር መመዝገቡ ነው።

የአየርላንድ መዝገብ ሁሉ ተቃጥሏል የሚባለው እውነትነት ቢኖረውም ሙሉ አይደለም። በሰኔ ወር 1922 እ.ኤ.አ. በእርስ በርስ ጦርነቱ መጀመሪያ በደብሊን የሚገኘው ቤተ መዛግብት ሲቃጠል፣ ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች ከጥቂት ቅሪት በስተቀር ጠፍተዋል፤ ከእነሱ በኋላ የተደረጉት አራት ቆጠራዎች ደግሞ ከቃጠሎው በፊት በመንግሥት በራሱ እጅ ተወግደው ነበር። ነገር ግን የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገቦች በሌላ ቦታ ስለነበሩ፣ የካቶሊክ የክርስትና መዝገቦችም በየደብሩ በካህናቱ እጅ ስለነበሩ ተርፈዋል። የ1901 እና የ1911 ቆጠራዎች ሙሉ በሙሉ ያሉ ሲሆን፣ ማንም ሰው ደሴ ተቀምጦ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ሊያያቸው ይችላል።

አያቴ በ1911 ቆጠራ የአምስት ዓመት ልጅ ሆነው ተመዝግበዋል። በዚያ ቆጠራ ያገቡ ሴቶች በጠቅላላው ስንት ልጅ እንደወለዱና ስንቱ በሕይወት እንዳለ ይጠየቁ ስለነበር፣ ቅድመ አያታችን ብሪጂት ዘጠኝ ወልደው ሰባት እንደቀሩላቸው ከዚያው ገጽ አነበብን። በዚያው ቤት የሚኖሩት የባላቸው እናት በ1901 ዕድሜያቸው 58፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ ግን 72 ተብሎ ተጽፏል። ይህ የጸሐፊ ስሕተት ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ከጥር 1909 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕድሜያቸው 70 ለሞላ ድሆች ጡረታ መከፈል ሲጀምር፣ ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት የተወለዱት አዛውንቶች የልደት ማስረጃ ስላልነበራቸው በ1839 ጥር ላይ አገሩን ያናወጠውን የታላቁን ነፋስ ሌሊት አስታውሳለሁ እያሉ ዕድሜያቸውን ያስረዱ ነበር። ወሎ ውስጥ ጣልያን ሲገባ ውኃ ለመቅዳት ደርሼ ነበር የሚሉ እናቶችን ለሰማን ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ጡረታ ሰጪው ክፍል ደግሞ አመልካቾቹን ከ1841 እና ከ1851 ቆጠራዎች እያፈላለገ ውጤቱን በማመልከቻው ላይ ያስገለብጥ ነበርና፣ ዋናው መዝገብ ተቃጥሎ ግልባጩ ቀርቷል። የእኚህ እናት ማመልከቻ በመገኘቱ የወላጆቻቸውን ስም አወቅን፤ ከእኔ ጀምሮ ሲቆጠርም ስድስት ቤት ደረስን። በ1845 ተጀምሮ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የፈጀውን የድንች ረሃብ ከዚያ ቤት በሕይወት ያለፉ ሰዎች መሆናቸውን ማወቅ፣ ወሎ ላይ ለተወለደ ሰው እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም።

ለሚፈልጉ ሰዎች አንድ ነገር ላክል። ልጅ በዘገየ ጊዜ ያስመዘገበ ወላጅ ይቀጣ ስለነበር የልደት ቀን እየተገፋ የሚጻፍበት ጊዜ አለ፤ ክርስትናው ደግሞ እንደኛ 40 ወይም 80 ቀን ሳይጠበቅ በተወለደ በጥቂት ቀን ይፈጸማል። ስለዚህ ክርስትናው ከልደቱ ቀድሞ ቢገኝ ሰውየው ሌላ ነው ተብሎ መተው የለበትም።

የአያቴ ታላቅ እህት ወደ አሜሪካ መሄዳቸውን ያገኘነው ከኒው ዮርክ የመርከብ ተሳፋሪዎች መዝገብ ነው። ከ1907 ወዲህ ተሳፋሪው በአገሩ የተወውን የቅርብ ዘመድ ስምና አድራሻ ይናገር ስለነበር፣ የብሪጂት ስምና የጎጣቸው ስም እዚያው ተጽፎ ተገኘ። የእህትየው የልጅ ልጆች ለደብዳቤያችን በታላቅ ደስታ መልስ ሰጥተዋል።

ይህ ሁሉ ሴት አያቴ የአማታቸውን ስም ይዘው ባያቆዩልን ኖሮ አይሆንም ነበር። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነውና፣ ከዚያ በፊት ለነበረው ዋናው ማስረጃ የአዛውንት ቃል ነው። በ1977 ዓ.ም. በሠፈራ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ከሄዱ ዘመዶቻቸው የተለያዩ የወሎ ቤተሰቦችም የእናትን ስም ከነአባቷ፣ የተወለደችበትንም ጎጥ ዛሬውኑ ጠይቀው ቢጽፉ እጅግ ይጠቀማሉ ብዬ አምናለሁ።

አሁን ተራው የእኛ ሆኗል። በአሜሪካ ያሉት ዘመዶቻችን አያታችን በደሴ እንዴት እንደኖሩ፣ ከማን ጋር እንደሠሩና የት እንደተቀበሩ እየጠየቁን ነው፤ እኛ ደግሞ ከዚያች የወታደር ደብተር በቀር የምናሳያቸው ነገር የለንም። ስለዚህ ከ1933 እስከ 1945 ዓ.ም. በደሴና በኮምቦልቻ ጋራዦች ሙሴ እየተባሉ ይሠሩ ስለነበሩ የውጭ አገር ሰዎች የሚያስታውሱ፣ ወይም ከወላጆቻቸው የወረሱት ፎቶግራፍና ወረቀት ያላቸው አንባቢያን በዝግጅት ክፍሉ በኩል እንዲያሳውቁን በትሕትና እለምናለሁ። ቅጂው ይበቃናል፤ ዋናው ከባለቤቱ እጅ እንዲወጣ አንጠይቅም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ